ዝናቡ ካባራ በኋላ ወባ ለምን ትበረታለች?

ወንድሜ፣ ሐምሌና ነሐሴ እየዘነበ ወባ የምትበረታው መስከረምና ጥቅምት ለምን እንደሆነ ጠይቀሃል። ዶፍ ዝናብ የትንኟን እጭ ጠራርጎ ይወስዳል። ሲያባራ ግን ውሃው ይረጋል። በከብት ኮቴ ዱካ ላይ የቀረች፣ ፀሐይ የምታገኝ ውሃ እንኳ መራቢያ ትሆናለች። ሙቀቱ ሲጨምር እጩ ቶሎ ትንኝ ይሆናል፤ በትንኟ ሆድ ያለው የወባ ተሕዋስም ቶሎ ያድጋል። ከ16 ዲግሪ በታች ግን ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት እድገቱ ይቆማል። ብርዳማው ደጋ በአብዛኛው የሚተርፈው ለዚህ ነው።

ድሬዳዋ አካባቢ ከሆንክ ግን በጋውን አትመን። በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር የተገኘችውና ድሬዳዋም የገባችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ የምትራባው ውሃ በምናጠራቅምበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዝናብ አትጠብቅም። በርሜልህን ግጥም አድርገህ ክደነው፤ ትኩሳት ከያዘህ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ተመርመር።