ጣሳው ላይ ያለው ስምና ሶፍትዌሩ ላይ ያለው ስም፦ ስለ ባሩድ ስያሜዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ጥይት ራሳቸው ከሚሞሉ አንባቢያን የመጡ ናቸው። ጉዳያቸውም አንድ ነው፤ እንደ ኩዊክሎድ ባለ የጥይትን ግፊትና ፍጥነት በሚያሰላ ሶፍትዌር ውስጥ ካለው ረጅም የባሩድ ዝርዝር የትኛውን ስም እንምረጥ? ሶፍትዌሩ የመረጡለትን ያሰላል እንጂ ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ጣሳ ምን እንደያዘ አያውቅም። ያንን ማዛመድ ጥይቱን የሚሞላው ሰው ኃላፊነት ነው።

ጣሳዬ ላይ 4831 ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ ኤች 4831፣ ኤች 4831 ኤስሲ እና አይኤምአር 4831 አሉ። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ለውጥ አለው?

አለው፤ አደገኛ ለውጥ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ባሩዱን አይለይም። «ኤች» የባሩድ ድርጅቱ የሆጅደን ምልክት ነው፤ «አይኤምአር» ደግሞ በመጀመሪያ የዱፖንት የነበረ ሌላ የጠመንጃ ባሩድ ዘር ነው። በ4831 ላይ አይኤምአር ከኤች ፈጥኖ ይቃጠላል። ስለዚህ ለኤች 4831 የወጣውን የመጨረሻ መጠን በአይኤምአር 4831 ከሞሉት ግፊቱ ከሚፈቀደው በላይ ሊወጣ ይችላል። በ4350 ልዩነቱ ጠበብ ይላል፤ ቢሆንም ኤች 4350፣ አይኤምአር 4350 እና አኩሬት 4350 ሦስት የተለያዩ ባሩዶች ናቸው፤ የአንዱ መረጃ ለሌላው አይሠራም።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሆጅደን የአይኤምአርን ድርጅት በ2003 ገዝቶታል። ስለዚህ ማን እንደሚያከፋፍለው ማወቅ ባሩዱን ለመለየት አይበቃም፤ ከቁጥሩ ፊት ያሉትን ፊደሎች ይመልከቱ።

ከኋላ ያለው «ኤስሲ» ፍሬው አጠር ተደርጎ መቆረጡን ያመለክታል። አጭሩ ፍሬ በመስፈሪያው ውስጥ በቀላሉ ይወርዳል፤ ሆጅደን ለኤች 4831 እና ለኤች 4831 ኤስሲ የሚሰጠው የክብደት መረጃ አንድ ነው። ይሁንና አጭሩ ጠቅጠቅ ብሎ ስለሚቀመጥ በይዘት የሚሰፍር ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር መስፈሪያውን እንደገና በሚዛን ማስተካከል አለበት።

ሲያመሳክሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይሂዱ፦ የምርት ስም፣ የፊት ፊደል፣ ቁጥር፣ የኋላ ፊደል። ከአራቱ አንዱ ካልገጠመ ባሩድዎ ዝርዝሩ ውስጥ የለም ማለት ነው። «የሚቀርበውን» መምረጥ አይፈቀድም። ቁጥር የሌላቸው ስሞችም ላይ ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክሌይስ፣ ኢንተርናሽናል ክሌይስ እና ዩኒቨርሳል ክሌይስ በአንድ ወቅት በዚህ ስም ይሸጡ የነበሩ ሦስት ባሩዶች ናቸው፤ ክሌይስ ከሁሉም ፈጣኑ፣ ዩኒቨርሳል ዘገምተኛው ነው። የዩኒቨርሳልን መጠን በክሌይስ የሞላ ሰው ሽጉጡን ሊያፈነዳ ይችላል።

ኤች 110 እና ዊንቸስተር 296 አንድ ናቸው ይባላል። ታዲያ ሶፍትዌሩ ለምን የተለያየ ግፊት ይሰጠኛል?

አንድ መሆናቸው እውነት ነው። ኤችፒ 38 እና ዊንቸስተር 231፣ ኤች 414 እና ዊንቸስተር 760ም እንዲሁ ናቸው። የሆጅደን ኤች 4350 አውስትራሊያ ውስጥ ኤአር 2209 ተብሎ የሚሸጠው ነው፤ ቫርጌትም ኤአር 2208 ነው። የስሌቱ ልዩነት የሚመጣው ከባሩዱ ሳይሆን ከመለኪያው ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ስም በአንድ ወቅት ከተለካ አንድ የምርት ሎት (በአንድ ዙር ከተመረተ ባሩድ) የተወሰደ ቁጥር ይዟል። ሁለቱ ስሞች ከሁለት ሎት ከተለኩ ውጤታቸው ትንሽ ይለያያል። በዚህ ጊዜ ከፍ ያለውን ግፊት የሚያሳየውን ስም ይዘው ይሥሩ።

የባሩድ አምራቹ የቪታቩኦሪ ኤን 140 እና ኤን 540 በምን ይለያያሉ?

በ100ዎቹ የተሰየሙት ባለ አንድ መሠረት የጠመንጃ ባሩዶች ናቸው፤ ዋና ነገራቸው ናይትሮሴሉሎስ ነው። በ500ዎቹ ያሉት ናይትሮግሊሰሪን ተጨምሮባቸው ጉልበታቸው ከፍ ብሏል። ኤን 540 በመቃጠል ፍጥነቱ ከኤን 140 ጎን ይቀመጣል፤ በተመሳሳይ ኤን 550 ከኤን 150፣ ኤን 560 ከኤን 160 ጋር ይጎራበታሉ። በፍጥነት መጎራበት ግን በመጠን መተካካት አይደለም፤ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ጉልበት ይለያያል። የፍጥነት ሰንጠረዥ ቅደም ተከተልን ብቻ ያሳያል፤ የመሙያ መጠን አይወጣበትም።

ሚዛኔ ብዙ መለኪያ አለው። የትኛውን ልጠቀም?

ግሬን። 1 ግራም 15.43 ግሬን ነው። ሁለቱ በምህጻረ ቃል ሲጻፉ በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ ሰው ያሳስታሉ። ከሁሉ የከፋው የካራት መለኪያ ነው፤ 1 ካራት 3.09 ግሬን ገደማ ስለሆነ፣ በትንሽ የሽጉጥ መጠን ላይ ስህተቱ በዓይን ሳይታወቅ ቀለህ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሚዛኑን ባበሩ ቁጥር በሚታወቅ የመፈተሻ ክብደት ያረጋግጡ።

ክሮኖግራፉ (የአረር ፍጥነት መለኪያው) ሶፍትዌሩ ከተነበየው በላይ ፍጥነት ያሳየኛል። ከባሩዱ ስም ጎን ያሉትን ቁጥሮች ልቀይር?

አይጀምሩበት። መጀመሪያ ቁጥሮቹ ምን እንደሆኑ እንይ። «ቢኤ» የሚባለው ባሩዱ በግፊት ውስጥ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቃጠል የሚወክል ነው። የፍንዳታ ሙቀቱ በኪሎጁል ለኪሎግራም የሚነገረው ጉልበቱ ነው። የልቅ እፍጋቱ ደግሞ ቀለሁ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ይወስናል፤ የሙሌቱ መቶኛ ከ100 ካለፈ አረሩ ባሩዱን ይጨቁነዋል ማለት ነው። እነዚህን የነካ ሰው ሌላ ባሩድ እየፈጠረ ነው።

ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ከራስዎ ግብዓት ይመነጫል። በቅደም ተከተል ይፈትሹ።

የቀለሁን የውኃ ይዘት ይለኩ። ሶፍትዌሩ አስቀድሞ ያስቀመጠው ቁጥር አማካይ ነው፤ የአምራቾች ቀለህ ውፍረቱ ስለሚለያይ ውስጡም ይለያያል። ከራስዎ ጠመንጃ የተተኮሰና ወደ መጀመሪያ ልኩ ተጨምቆ ያልተመለሰ ቀለህ ይውሰዱ፤ ያገለገለው ፕራይመር (ማቀጣጠያ) እንዳለ ባዶውን ይመዝኑ፤ እስከ አፉ ጠርዝ ውኃ ሞልተው እንደገና ይመዝኑ። ልዩነቱን በግሬን ያስገቡ። የውስጡ ቦታ ከጠበበ የባሩዱ መጠን ሳይለወጥ ግፊትም ፍጥነትም ይጨምራል።

ቀጥሎ የአረሩን ርዝመትና የጥይቱን ጠቅላላ ርዝመት በካሊፐር ይለኩ፤ አረሩ ጠልቆ ሲገባ ባሩዱ ያለበት ቦታ ይቀንሳል። የበርሜሉ ርዝመት ከመዝጊያው ፊት እስከ አፈሙዙ ጫፍ መለካት አለበት። ከዚያ ሙቀቱን ያስተካክሉ፤ የስሌቱ መነሻ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥይት በብዙ ባሩዶች ግፊቱ ይጨምራል። አረሩ ከበርሜሉ ሽክርክሪት መስመር ጋር ተነካክቶ ከተቀመጠም የመነሻ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ለተለመደ አረር የሚሰጠው 250 ባር ያኔ አይበቃም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ልዩነቱ ከቀረ፣ የእርስዎ ሎት ሶፍትዌሩ ከለካው የፈጠነ ሊሆን ይችላል። ያኔ ዋናውን መዝገብ ሳይነኩ ቅጂ ያውጡ፤ በቅጂው ስም ላይ ጣሳው ላይ የታተመውን የሎት ቁጥር ይጻፉ፤ ቢኤን በትንሽ በትንሹ ያንቀሳቅሱ። ፍጥነቱን ለማስታረቅ ከጥቂት በመቶ በላይ ማንቀሳቀስ ካስፈለገ ችግሩ ሎቱ ሳይሆን የተሳሳተ ስም ወይም የተሳሳተ መለኪያ ነው፤ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመለሱ። ጣሳው ሲያልቅ ያ ቅጂም አገልግሎቱ አብቅቷል።

እስከዚያው ከፍ ያለውን ፍጥነት አይናቁት። በተመሳሳይ የበርሜል ርዝመት የአምራቹ ማኑዋል ለመጨረሻው መጠን ከሰጠው ፍጥነት ካለፉ፣ ሚዛኑ ምንም ቢል ግፊቱ አልፏልና መጠኑን ይቀንሱ። የማኑዋሉ መነሻና መጨረሻ መጠን ምንጊዜም ከሶፍትዌሩ ይቀድማል።

ስሙ የጠፋ ባሩድ ማሰሮ ውስጥ አለኝ። በመልኩ ከዝርዝሩ ማግኘት ይቻላል?

አይቻልም። ጥቁርማ አጭር ሲሊንደር የሚመስሉ ባሩዶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ፍጥነታቸውም በዓይን አይታይም። የአምራቹን የማስወገጃ መመሪያ ተከትለው ያስወግዱት። ስሙ እየተነበበ ያረጀ ጣሳም ቢሆን ሲከፈት የሚኮመጥጥ ሽታ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ጭስና አቧራ ካለው ተበላሽቷል። ይህ እንዳይደገም በአንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጣሳ ብቻ ያኑሩ፤ በመስፈሪያው ውስጥ ባሩድ አያሳድሩ፤ ባሩድንም ከመጣበት ጣሳ ወደ ሌላ ዕቃ አያዛውሩ።