ስለ መስመጥና መንሳፈፍ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ትንሽ ምስማር እየሰመጠች ግዙፍ የዛፍ ግንድ የሚንሳፈፈው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ነገሩ እንቆቅልሽ የሚሆንብን ክብደትን ብቻ ስለምናይ ነው። ወሳኙ እፍግታ፣ ማለትም በተወሰነ ይዘት ውስጥ ምን ያህል መጠነ ቁስ እንደታጨቀ የሚገልጸው ልኬት ነው። የውሃ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1 ግራም ገደማ ሲሆን፣ የብረት 7.9 ግራም ያህል ነው፤ የአብዛኞቹ እንጨቶች ግን ከ1 በታች ነው። «አብዛኞቹ» ማለቴ ሆን ብዬ ነው፤ ዞጲን የመሰለ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ይሰምጣልና።

ጥያቄ፦ ታዲያ የብረት መርከብ እንዴት ይንሳፈፋል?

መልስ፦ ይህን በእጅ ሞክሮ ማየት ይሻላል። እፍግታው 2 የሆነ 200 ግራም የሸክላ ጭቃ አድቦልቡላችሁ ውሃ ውስጥ ብትጥሉት፣ ይዘቱ 100 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ገፍቶ የሚያስለቅቀው ውሃ 100 ግራም ብቻ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ አርኪሜዲስ ከ2,200 ዓመታት በፊት እንዳስረዳው፣ ፈሳሽ ለገባበት አካል የሚሰጠው ድጋፍ ቦታውን ከለቀቀው ፈሳሽ ክብደት ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ ድቡልቡሉ የክብደቱን ግማሽ ያህል ብቻ ድጋፍ አግኝቶ ይሰምጣል። ያንኑ ጭቃ አሳስታችሁ፣ ጠርዙን ከፍ አድርጋችሁ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ከሠራችሁት በኋላ በቀስታ ብታስቀምጡት ግን፣ 200 ግራም ውሃ እስኪያስለቅቅ ድረስ ዝቅ ይልና እዚያው ይረጋል። ጭቃው አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ አሁን ግን ጉድጓዱ አየር ይዟል። መርከብም የሚንሳፈፈው ብረቱ፣ ጭነቱና በውስጡ ያለው አየር ተደምረው አማካይ እፍግታቸው ከውሃ ስለሚያንስ ነው፤ ሲበሳ የሚሰምጠውም አየሩ በውሃ ስለሚተካ ነው።

ጥያቄ፦ በረዶ ራሱ ውሃ አይደለምን? ለምን አይሰምጥም?

መልስ፦ ውሃ በረዶ ሆኖ ሲረጋ ሞለኪውሎቹ ክፍተት በሚተው ቅርጽ ስለሚደረደሩ ይዘቱ ይጨምራል፣ እፍግታውም ወደ 0.92 ዝቅ ይላል፤ በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ያህል ከውሃው ወለል በታች የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለእኔ ከውሃ ጠባዮች ሁሉ አስደናቂው ይህ ነው፤ ውሃ እጅግ የሚታፈገው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነና ይህ ውሃ ወደ ሥር ስለሚወርድ፣ ሐይቅ ከላይ ሲረጋ ከሥሩ ፈሳሽ ውሃ ይቀራል፣ ዓሦችም በሕይወት ይከርማሉ። እፍግታው 0.79 በሆነ ንጹሕ አልኮል ውስጥ ግን ያው በረዶ ይሰምጣል።

ጥያቄ፦ ብረት የሚንሳፈፍበት ፈሳሽ አለ?

መልስ፦ አዎን፣ እፍግታው 13.6 የሆነው ሜርኩሪ።

ጥያቄ፦ ጨው ሲጨመር የሰመጠ እንቁላል የሚነሣው ለምንድን ነው?

መልስ፦ እንቁላሉ ሳይለወጥ የውሃው እፍግታ ስለሚጨምር ነው። ጨውን በጥቂት በጥቂቱ እያሟሟችሁ ብትጠብቁ፣ እንቁላሉ መጀመሪያ በሹል ጫፉ ይቆማል፤ ቀጥሎ ከሥር ይላቀቃል፤ የሁለቱ እፍግታ በተስተካከለበት ቅጽበትም ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል ውሃው መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል።