ራስዎ በገጣጠሙት ኮምፒውተር ላይ ማክ ኦኤስ፦ ጥያቄና መልስ

አፕል ባልሠራው ኮምፒውተር ላይ ማክ ኦኤስ ስለመጫን ከአንባቢያን የተላኩ ጥያቄዎችን እዚህ ሰብስበናል። የፕሮግራሞችንና የቅንብሮችን ስም በአማርኛ ፊደል ጽፈናል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ሁሉም በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

ኮር አይ5 10400 ፕሮሰሰር፣ ቢ460 ማዘርቦርድ፣ 16 ጊጋባይት ራም እና ጂቲኤክስ 1660 ግራፊክስ ካርድ አለኝ። በዚህ ላይ ማክ ኦኤስ ይሠራል?

ይሠራል፤ በጂቲኤክስ 1660 ግን አይደለም። ለዚህ ካርድ የማክ ድራይቨር ወጥቶለት አያውቅም። ከኤንቪዲያ ካርዶች የኬፕለር ትውልድ (ለምሳሌ ጂቲኤክስ 780) እስከ ቢግ ሰር፣ ማለትም እስከ 11ኛው ስሪት ይሄዳል። ማክስዌልና ፓስካል (እነ ጂቲኤክስ 970 እና 1060) ሃይ ሲየራ፣ 10.13 ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ወዲህ የወጡት ጨርሶ አይታሰቡም።

ዕድልዎ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው ያለው። 10400 ዩኤችዲ 630 የተባለውን ግራፊክስ በውስጡ ይዟል፤ ማክ ኦኤስም ያውቀዋል። (10400ኤፍ ቢሆን ኖሮ ይህ መንገድ ዝግ ነበር፤ ‹ኤፍ› የተጻፈባቸው ፕሮሰሰሮች ግራፊክስ የላቸውም።) የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰኩ። ኮንፊጉ (ማክ ኦኤስን የሚያስነሳው ኦፐንኮር የተባለ ፕሮግራም የቅንብር ፋይል) ላይ የግራፊክሱን መለያ 07009ቢ3ኢ ያድርጉ፤ ባዮስ ላይ ዲቪኤምቲ (ለግራፊክሱ የሚመደበው ሜሞሪ) የሚለውን 64 ሜጋባይት ያድርጉት። ጂቲኤክሱን ለዊንዶውስ ማቆየት ከፈለጉ እዚያው ኮንፊግ ውስጥ ቡት-አርግስ (ሲስተሙ ሲነሳ የሚሰጡት ትዕዛዞች) በሚለው መስመር ላይ -ዌግኖኢጂፒዩ ብለው ይጨምሩ፤ ማክ ኦኤስ ካርዱን እንዳላየ ያልፈዋል።

ካርድ ለመግዛት ካሰቡ ራዲዮን አርኤክስ 570፣ 580፣ 5500 ኤክስቲ፣ 5700፣ 6600፣ 6600 ኤክስቲ፣ 6800 እና 6900 ኤክስቲ ያለ ችግር ይሠራሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአርኤክስ 6700 ኤክስቲ ነው። ቁጥሩ በ6600 እና በ6800 መካከል ስለሆነ እሱም የሚሠራ ይመስላል፤ ቺፑ ግን ሌላ ነው፣ አፕልም ድራይቨር አላዘጋጀለትም። 6500 ኤክስቲና የ7000 ተከታታይ በሙሉም እንደዚሁ ናቸው። ከአርኤክስ 550 መካከል ሌክሳ የሚባለው ቺፕ ያለበትም አይሠራም፤ ከካርቶኑ ላይ ደግሞ ይህን መለየት ስለማይቻል አለመግዛቱ ይሻላል።

ማክ የለኝም፤ ያለኝ ዊንዶውስ ብቻ ነው። መጫኛ ፍላሹን እንዴት ላዘጋጅ? ከኔ ጋር የሚመሳሰል ማዘርቦርድ ያለው ሰው የተዘጋጀ ኢኤፍአይ ፎልደር ሰጥቶኛል፣ ልጠቀምበት?

ከሁለተኛው እንጀምር፦ አይጠቀሙበት። ኢኤፍአይ ፎልደሩ (ኦፐንኮርና ቅንብሮቹ ያሉበት) የሚዘጋጀው ለአንድ ማዘርቦርድ፣ ለአንድ የባዮስ ስሪት፣ ለአንድ የኔትወርክ ቺፕና ለአንድ ግራፊክስ ካርድ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢለያይ ኮምፒውተሩ መሃል ላይ ይቆማል፤ ፎልደሩን እርስዎ ስላልሠሩት ደግሞ የት ጋ እንደሚስተካከል አያውቁም። በዚያ ላይ የሰውየው ሲሪያል ቁጥር ውስጡ ካለ ሁለታችሁም በአፕል አካውንታችሁ ትቸገራላችሁ። ለንጽጽር ከፍተው ቢያዩት ግን አይጎዳም።

ለፍላሹ ማክ አያስፈልግም። አሲዳንቴራ የተባለው የገንቢዎች ቡድን በጊትሃብ ላይ ከሚያወጣው ኦፐንኮር ‹ዲበግ› የተባለውን ስሪት ያውርዱ፤ ሲቆም ምክንያቱን የሚጽፈው እሱ ነው። በውስጡ ዩቲሊቲስ፣ ከዚያም ማክሪከቨሪ የሚል ፎልደር አለ። ፓይተን ኮምፒውተርዎ ላይ ይጫኑና ማክሪከቨሪ ዶት ፒዋይን ከትዕዛዝ መስኮቱ ያስነሱ፤ ለየስሪቱ የሚገባው ትዕዛዝ እዚያው ፎልደር ውስጥ ባለው የጽሑፍ ፋይል ተዘርዝሯል። ሁለት ፋይሎች ያወርዳል፤ አንዱ ዲኤምጂ፣ ሌላው ቻንክሊስት።

ፍላሹን ፋት32 አድርገው ፎርማት ያድርጉ። ከ32 ጊጋባይት በላይ ከሆነ ዊንዶውስ ይህን ምርጫ ስለማያሳይ ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም ይሥሩት። ከዚያ ኮም ዶት አፕል ዶት ሪከቨሪ ዶት ቡት የሚል ፎልደር ከፍተው ሁለቱን ፋይሎች ውስጡ ያስገቡ፤ ከጎኑ ከኦፐንኮር ኤክስ64 ፎልደር ውስጥ የወጣውን ኢኤፍአይ ያስቀምጡ። ፍላሹ ላይ የሚያርፈው ማስጀመሪያው ብቻ ነው፤ ዋናውን ሲስተም መጫኛው ራሱ ከኢንተርኔት ያወርደዋል። ስለዚህ በገመድ የሚሠራ ኔትወርክ ግድ ነው፤ መጠኑም ከ12 ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል።

አሁን ኢኤፍአይ ውስጥ ያለውን ኦሲ የተባለ ፎልደር ይክፈቱ። አብረው የመጡትን አብዛኞቹን ድራይቨሮች ይሰርዙ፤ ለጊዜው የሚያስፈልጉት ኦፐንራንታይም፣ ኦፐንኤችኤፍኤስፕላስ እና ሪሴትኤንቪራምኢንትሪ ናቸው። ኤችኤፍኤሱ ከሌለ ያወረዱት ማስጀመሪያ ምርጫው ላይ አይታይም። ኬክስትስ (የማክ ኦኤስ ድራይቨሮች) በሚለው ውስጥ ሊሉ፣ ቨርቹዋልኤስኤምሲ፣ ዋትኤቨርግሪን፣ አፕልኤኤልሲ እና የኔትወርክ ቺፕዎን ኬክስት ያስገቡ፦ ለኢንተል አይ219 ኢንተልማውሲ፣ ለሪልቴክ 8111 ሪልቴክአርቲኤል8111፣ ለ2.5 ጊጋቢቱ ሪልቴክ 8125 ደግሞ ሉሲ። ኤሲፒአይ ፎልደር (የማዘርቦርዱን ክፍሎች ለማክ ኦኤስ የሚገልጹ ፋይሎች ያሉበት) ውስጥ ለ10ኛ ትውልድ ኢንተል ኤስኤስዲቲ-ፕላግ፣ ኤስኤስዲቲ-ኢሲ-ዩኤስቢኤክስ እና ኤስኤስዲቲ-ኤዋክ ይገባሉ፤ አሱስ ከሆነ ኤስኤስዲቲ-አርሀብ ይጨመራል።

ከዶክስ ፎልደር ሳምፕል ዶት ፒሊስትን ቀድተው ኮንፊግ ዶት ፒሊስት ብለው ይሰይሙት፣ በፕሮፐርትሪ (የፒሊስት ፋይሎች ማረሚያ ፕሮግራም) ይክፈቱትና ‹ኦሲ ክሊን ስናፕሾት› የሚለውን ይጫኑ። ያስገቧቸውን ፋይሎች ይመዘግባል፤ ሊሉ ከሌሎቹ በፊት እንዲጫንም ቅደም ተከተሉን ያስተካክላል (ሌሎቹ በሊሉ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ ቀድመው ከመጡ አይሠሩም)። የማክ ሞዴል ለ9ኛ ትውልድ አይማክ19,1፣ ለእርስዎ ዓይነቱ 10ኛ ትውልድ አይማክ20,1 ነው፤ ሲሪያሉን ጄንኤስኤምባዮስ የተባለው ፕሮግራም ያወጣልዎታል። ጨርሰው ከመዝጋትዎ በፊት ፋይሉን ኦሲቫሊዴት በተባለው መሣሪያ ይፈትሹ። የማይገባዎትን መስመር ግን አይሰርዙ፤ አንድ መስመር ቢጎድል ኦፐንኮር ቅሬታውን ስክሪኑ ላይ ይደረድራል።

ባዮስ ላይ የሚዘጉት ፋስት ቡት፣ ሴኪዩር ቡት፣ ሲኤስኤም እና ሲኤፍጂ ሎክ ናቸው። የሚከፈቱት አቦቭ 4ጂ ዲኮዲንግ፣ ኤክስኤችሲአይ ሃንድኦፍ እና የሳታው ኤኤችሲአይ። ሲኤፍጂ ሎክ የሚል ምርጫ ባዮሱ ላይ ከሌለ ኮንፊጉ ውስጥ በከርነል ክዊርክስ (እንደ ማዘርቦርዱ የሚደረጉ ማስተካከያዎች) ስር አፕልኤክስሲፒኤምሲኤፍጂሎክን ‹የስ› ያድርጉ። ይህ ከተዘለለ ሲስተሙ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ይወድቃል።

መጫኛው ሲከፈት ዲስክ ዩቲሊቲ ውስጥ መጀመሪያ ‹ሁሉንም ዲቫይሶች አሳይ› የሚለውን ይምረጡ። ያለዚያ የሚታየው ክፍልፋዩ ብቻ ነው። ሙሉ ዲስኩን ኤፒኤፍኤስና ጂዩአይዲ አድርገው ያጥፉት። መጫኑ ኮምፒውተሩን ደጋግሞ ያስነሳል፤ በየጊዜው ከምርጫው ‹ማክ ኦኤስ ኢንስቶለር› የሚለውን ይምረጡ እንጂ ወደ ፍላሹ ተመልሰው ከሀ አይጀምሩ። ዊንዶውስ ባለበት ዲስክ ላይ ቦታ ከፍለው ለመጫን ካሰቡ ደግሞ የዊንዶውሱ ኢኤፍአይ ክፍልፋይ ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋባይት ነው፤ ዲስክ ዩቲሊቲ 200 ይፈልጋልና ፎርማቱ እምቢ ይላል። ለየብቻው ዲስክ መስጠት ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ዜድ390 ማዘርቦርድ፣ ኮር አይ7 9700ኬ እና አርኤክስ 580 ነው ያለኝ። ‹ኤግዚትቢኤስ፡ስታርት› የሚል መስመር ጽፎ ይቆማል። ምን ላድርግ?

ያ መስመር ኦፐንኮር ሥራውን ጨርሶ ለማክ ኦኤስ ከርነል (ለሲስተሙ እምብርት) የሚያስረክብበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ከኬክስት ይልቅ የሜሞሪ አደላደል ላይ ነው የሚፈለገው፤ ማለትም ኮንፊጉ ውስጥ ቡተር ክዊርክስ በሚለው ስር። ለዜድ390 ዲቨርቹዋላይዝኤምሚዮ፣ ሪቢልድአፕልሜሞሪማፕ፣ ሲንክራንታይምፐርሚሽንስ እና ፕሮቴክትዩኢኤፍአይሰርቪስስ ‹የስ› ይሁኑ፤ ኢኔብልራይትአንፕሮቴክተር ‹ኖ›። ፕሮቴክትዩኢኤፍአይሰርቪስስ በብዙ ማዘርቦርድ ላይ ‹ኖ› ስለሆነ ከሌላ መመሪያ የቀዳ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ኤስኤስዲቲ-ፒኤምሲም ይጨምሩ፤ ያለሱ የዜድ390 ኤንቪራም (ቅንብሮች የሚቀመጡበት የማዘርቦርዱ ሜሞሪ) አይሠራም። ሲኤፍጂ ሎክንም ደግመው ያረጋግጡ።

ይህን ካለፉ ቀጥለው የሚያጋጥሙ ማቆሚያዎች የታወቁ ናቸው። ጽሑፉ እንዲታይ ቡት-አርግስ ላይ -ቪ፣ ኪፕሲምስ=1 እና ዲበግ=0ኤክስ100 መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ የመጨረሻው ሲስተሙ ሲወድቅ ራሱ እንዳይነሳ ያደርጋል፣ የወደቀበትንም ለማንበብ ጊዜ ይሰጣል። ‹ፒሲአይ ኮንፊገሬሽን ቢጊን› ላይ ከቆመ አቦቭ 4ጂ አልተከፈተም፤ ባዮሱ ምርጫው ከሌለው ኤንፒሲአይ=0ኤክስ2000 ይጨመራል። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ግን ሌላ ችግር ያመጣል። እዚያው አካባቢ ስለ አርቲሲ ወይም ስለ ኤችፔት ጽፎ ከቆመ ኤስኤስዲቲ-ኤዋክ አልገባም። ‹ስቲል ዌይቲንግ ፎር ሩት ዲቫይስ› ካለ፣ ወይም የተከለከለ ምልክት ካሳየ፣ ከርነሉ ፍላሹን አጥቶታል፦ ወደ ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ያዛውሩት።

ጽሑፉ ሁሉ አልፎ ስክሪኑ ቢጠቁር የአርኤክስ 580 ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካቱ ነው። የ5000 እና የ6000 ተከታታይ ካርዶች ግን አግድፒሞድ=ፒኬራ የሚለውን ይፈልጋሉ።

አንድ ነገር በቀየሩ ቁጥር ሪሴት ኤንቪራም ያድርጉ፤ በአንድ ጊዜም አንድ ብቻ ይቀይሩ። አምስት ነገር አንድ ላይ ነካክቶ ከተነሳ የትኛው እንደፈታው አይታወቅም፤ ካልተነሳ ደግሞ የትኛው እንዳበላሸው።

ማክ ኦኤሱ ተጭኗል፣ ግን ‹ስሊፕ› ሲገባ ወዲያው ይነቃል። ከፊት ያሉት የዩኤስቢ ቀዳዳዎችም አይሠሩም።

ሁለቱም አንድ ችግር ናቸው። ማክ ኦኤስ በአንድ የዩኤስቢ ኮንትሮለር ላይ ከ15 በላይ ፖርት አይቀበልም፤ የኢንተል 300 ተከታታይ ማዘርቦርዶች እስከ 26 አላቸው። ቆጠራው በዓይን ከሚታየው ይለያል፦ አንድ የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ለ2.0 እና ለ3.0 ለየብቻ ስለሚመዘገብ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፤ የውስጡ ብሉቱዝም የራሱን አንድ ይወስዳል። ከ15 በኋላ ያሉት ይጣላሉ፤ የእርስዎ የፊት ቀዳዳዎች የወደቁት እንዲህ ነው። ኤክስኤችሲአይፖርትሊሚት የተባለው ክዊርክ ገደቡን ያነሳ ነበር፤ ከ11.3 ወዲህ ግን አይሠራም፣ እንዲያውም ኮምፒውተሩ ሳይነሳ ደጋግሞ እንደገና እንዲጀምር ያደርገዋል።

መፍትሔው የፖርቶች ካርታ (የትኞቹ ፖርቶች እንደሚሠሩ የሚናገር ዝርዝር) መሥራት ነው። ዩኤስቢቱልቦክስን ከዊንዶውስ ላይ ያስነሱና በእያንዳንዱ ቀዳዳ መጀመሪያ የዩኤስቢ 2፣ ቀጥሎ የዩኤስቢ 3 ፍላሽ ይሰኩ። የማይጠቀሙባቸውን ያጥፉ፤ ለኪቦርድና ለማውስ የያዙት የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ካለ የ3.0 ክፍሉን ብቻ መጣል ይበቃል። ብሉቱዙ ዓይነቱ 255፣ ማለትም የውስጥ ተብሎ ይመዝገብ። እንደ ውጭ ከተቆጠረ ሲስተሙ ሊያስተኛው ሲሞክር ይረበሻል፤ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ዋይፋዬ የኢንተል ነው። ሌላ ካርድ ልግዛ?

አያስፈልግም። ኢቲኤልደብሊውኤም የተባለውን ኬክስት ከሄሊፖርት መተግበሪያ ጋር ይጠቀሙ። ኤርድሮፕ አይኖርዎትም፤ ለኢንተርኔት ግን ይበቃል። ቀድሞ የሚመከሩት የብሮድኮም ካርዶች ከሶኖማ (14) ጀምሮ ድራይቨራቸው ስለወጣ ሲስተሙን ሳይጠግኑ አይሠሩም።

ራይዘን ፕሮሰሰር ቢሆንስ?

ይሠራል፤ ግን አፕል በኤኤምዲ ፕሮሰሰር ማክ ስላልሠራ ከርነሉ መጠገን አለበት። ኤኤምዲ ቫኒላ የሚባሉትን ጥገናዎች ኮንፊጉ ውስጥ ያስገቡና የኮሮችን ብዛት በሄክስ (በ16 መሠረት በሚቆጠር ቁጥር) ይጻፉ፦ 6 ኮር 06፣ 8 ኮር 08፣ 12 ኮር 0ሲ። ክሮች (ትሬዶች) ሳይሆኑ ኮሮች ናቸው የሚቆጠሩት። የማክ ሞዴሉን ማክፕሮ7,1 ያድርጉ፤ ግራፊክስ ካርድም ከላይ ከዘረዘርናቸው ይሁን። የኢንተልን ቨርቹዋላይዜሽን የሚጠብቁ ፕሮግራሞች አይነሱም፤ ሥራዎ በቨርቹዋል ማሽን ላይ ከሆነ ኢንተል ይሻልዎታል።

ይህ ሕጋዊ ነው? ለቢሮዬ ማሽኖች ልጠቀምበት አስቤ ነበር።

የማክ ኦኤስ የፈቃድ ውል ሲስተሙ አፕል ስሙን ባኖረበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲጫን ይላል፤ በሌላ ላይ መጫን ውሉን መጣስ ነው። አፕል እንዲህ ያሉ ማሽኖችን ይሸጥ የነበረውን ሳይስታር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከሶ፣ በ2009 ተፈርዶለታል። ለቢሮ አንመክርም። ለመማርና ለመሞከር ራስዎ ይወስኑ።

እስከ መቼ ያገለግለኛል? ማዘመንስ እንዴት ነው?

አፕል እ.ኤ.አ. በ2025 እንዳስታወቀው ለኢንተል ማኮች የሚወጣው የመጨረሻ ስሪት ታሆ፣ 26 ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ለአፕል ሲሊከን (አፕል ራሱ ለሚሠራቸው ፕሮሰሰሮች) ብቻ ስለሚዘጋጁ በእኛ ዓይነቱ ማሽን ላይ የሚጫኑበት መንገድ የለም። ታሆ የሚቀበላቸው የኢንተል ሞዴሎችም ጥቂት ናቸው፤ አይማክ20,1 እና ማክፕሮ7,1 ከእነዚያ ውስጥ ናቸው፣ አይማክ19,1 ግን ሴኮያ፣ 15 ላይ ያበቃል። አሁን ለዚህ ብሎ አዲስ ዕቃ መግዛት አያዋጣም፤ በእጅ ያለውን መጠቀም ግን ሌላ ነገር ነው።

ሲያዘምኑ ኦፐንኮርና ኬክስቶቹ ይቅደሙ፣ ሲስተሙ ይከተል። አዲሱን ኢኤፍአይ መጀመሪያ ፍላሽ ላይ አድርገው ከዚያ ይነሱ፤ ከሠራ ወደ ዲስኩ ይቅዱት። አሮጌውን የያዘ ሁለተኛ ፍላሽ መሳቢያ ውስጥ ይኑር። ዊንዶውስም አብሮ ካለ ሰዓቱ እየተዛባ ያስቸግራል፤ ማክ ኦኤስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲይዝ ዊንዶውስ በአካባቢው ሰዓት ነው የሚያነበው። በዊንዶውስ ሬጂስትሪ፣ ታይምዞን ኢንፎርሜሽን በሚለው ስር ሪልታይምኢዝዩኒቨርሳል የሚል ዲወርድ ፈጥረው 1 ያድርጉት።