መልስ፦ መብራት ሲጠፋ ባለ ድራይቭ ፓምፕ ሞዴል ላይ ሰርጅ ለምን አይታይም?

የፓምፕ መስመርህ የኮምፒውተር ሞዴል መብራት ሲጠፋ ምንም ሰርጅ (የውሃው ፍጥነት በድንገት ሲለወጥ የሚፈጠር የግፊት ምት) ያላሳየህ ፓምፑ በ60 ሰከንድ ራምፕ፣ ማለትም ፍጥነቱ ቀስ በቀስ እየቀነሰ፣ እንዲቆም ስላደረግከው ነው። መብራት ከሄደ እኮ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ድራይቩም አብሮ ይጠፋል፣ ራምፕ የሚባል ነገር የለም። ፍጥነቱን አንተ አትስጠው፣ ሶፍትዌሩ ያስላው፤ የፓምፑንና የሞተሩን ኢነርሺያ (ኃይል ሲቋረጥ መሽከርከራቸውን እንዲቀጥሉ የሚያደርጋቸውን) ደምረህ አስገባ፣ የፓምፑ ከርቭም (የአሠራር ግራፉ) ባለ አራት ኳድራንት ይሁን፣ ማለትም ወደኋላ መፍሰስንና ወደኋላ መሽከርከርንም የሚይዝ፣ ምክንያቱም ቼክ ቫልቩ እስኪዘጋ ውሃው በፓምፑ ውስጥ ወደኋላ ሊመለስ ይችላል። ከዛ መጀመሪያ የመስመሩ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ፕሬዠሩ ከዜሮ በታች መውረዱን እይ።

ራምፑን ኦፕሬተሩ ራሱ ፓምፑን ለሚያቆምበት ኬዝ ተወው። እዛም ላይ ግን ተጠንቀቅ፣ እኔ በተደጋጋሚ ያየሁት ስህተት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እንደሚወጣው ዓይነት ዳገት ላይ ሄዱ (ፓምፑ ማሸነፍ ያለበት ግፊት፣ በሜትር ከፍታ ሲለካ) አብዛኛው ስታቲክ ነው፣ ማለትም ከከፍታ ልዩነቱ የሚመጣ፣ የፓምፑ ሄድ ደግሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚወርደው። ለምሳሌ ፓምፑ ዜሮ ፍሎው ላይ 150 ሜትር ቢሰጥና ስታቲኩ 110 ቢሆን፣ ፍጥነቱ 86% አካባቢ ሲደርስ ውሃ መግፋት ያቆማል። ስለዚህ 60 ሰከንድ ያልከው ራምፕ ለውሃው 9 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፣ ቼክ ቫልቩም ያኔ አካባቢ ይዘጋል። ብዙ ሰው ጠቅላላ ሰዓቱን ያስረዝማል፤ አንተ ከ100% እስከ 85% ያለችውን ብቻ በጣም ቀስ አድርገህ አውርዳት፣ ከዛ በታች ቶሎ ቢቆምም ችግር የለውም።