ባትሪ ከመግዛትሽ በፊት ምን እንደገደለው ይታወቅ

እህቴ፣ ጥያቄሽን በደንብ አነበብኩት። ቪትዝሽ አርብ ማታ ቆማ ሰኞ ጠዋት «ጠቅ ጠቅ» እያለች አልነሳም አለች። ጎረቤት በኬብል አስነሳልሽ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስት ቀን በቆመች ቁጥር ያው ነው። ባትሪው ሁለት ዓመት አልሞላውም። የትኛው ማርካ ይሻላል፣ እዚሁ ጅማ ይገዛ ወይስ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይላክልኝ ብለሻል።

ሁለቱንም እመልሳለሁ። ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ባትሪውን ምን ገደለው? ይህ ሳይታወቅ የሚገባው አዲስ ባትሪም ዕጣው ያው ነው።

ቴስተር (የቮልትና የአምፒር መለኪያ) ያለው ኤሌክትሪሺያን ፈልጊ። መኪናዋ ቆማ ካደረች በኋላ፣ ሳትነሳ ባትሪው ይለካ። 12.6 ቮልት አካባቢ ካለ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው። 12 እና ከዚያ በታች ባዶ በይው። ቀጥሎ ቁልፉን አዙሪና ቁጥሩን እዩት። ሙሉ የነበረ ባትሪ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ጉልበቱ አልቋል፣ ይቀየር። በመጨረሻ ሞተሩ ተነስቶ እያለ ይለካ። አብዛኛውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። እዚያው 12 ላይ ከቀረ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ አይሠራም ወይም እሱን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል፤ ባትሪው ምንም አላጠፋም።

ቴስተር ካልተገኘ የፊት መብራቱን አብሪና ለማስነሳት ሞክሪ። መብራቱ ድክም ካለ ባትሪው ባዶ ነው ወይም የባትሪው ራስ (ገመዱ የሚታሰርበት) ላይ ያለው ማሰሪያ ቆሽሿል። መብራቱ ቦግ እንዳለ «ጠቅ» ብቻ ካለ ወደ ሞተሪኖው ተመልከቺ።

እኔ ግን ከነገርሽን ተነስቼ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። በየቀኑ ስትነጂ ደህና ሆና፣ ሁለት ሦስት ቀን ስትቆም የምትሞት መኪና ብዙ ጊዜ ቆማ የሚበላት ነገር አለ። ቴፕ፣ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ የማይጠፋ የሻንጣ መብራት። ሂሳቡ ቀላል ነው። የቪትዝ ባትሪ 35 አምፒር ሰዓት ገደማ ነው፤ አንድ አምፒር ለ35 ሰዓት ያህል ይሰጣል ማለት ነው። ቆማ ግማሽ አምፒር የምትበላ ከሆነ በ70 ሰዓት፣ ማለትም በሦስት ቀን ባዶ ይሆናል። አርብ ማታ ቆማ ሰኞ ጠዋት መሞቷ ለዚህ ነው ዓይኔን የሳበው። ጤነኛ መኪና የምትበላው ከ0.05 አምፒር አይበልጥም፤ ያ ደግሞ ባትሪውን ለመጨረስ አንድ ወር ይፈጅበታል።

እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ ጓደኛዬ ኮሮላ እንዲሁ አስቸገረችው። ባትሪ ቀየረ፣ ያው ሆነ። ከዚያ አንድ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን የኔጋቲቩን ገመድ ፈትቶ ቴስተሩን በመሃል አስገባ። ቁልፉን አውጥቶ፣ በሮቹን ዘግቶ፣ መኪናዋ «እስክትተኛ» ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቀ። ቴስተሩ 0.4 አምፒር አሳየ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ፊውዙ ሁሉ አልቆ 0.4 እንዳለ ነው። ያኔ ከመሪው ሥር ገብቶ ገመድ መከታተል ጀመረ። ቴፑን የገጠመው ሰው ገመዱን በፊውዝ ሳያሳልፍ በቀጥታ ከባትሪ ስቦት ኖሯል። እሱ ሲቆረጥ ቁጥሩ 0.03 ሆነ። ያንቺም መኪና ላይ በኋላ የተገጠመ ነገር ካለ መጀመሪያ እሱ ይታይ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ቴስተሩ በመሃል ገብቶ ሳለ ቁልፍ ማዞር የለም፤ ቴስተሩን ያቃጥለዋል።

የከተማችንም ጠባይ አለ። ከኮቺ አጂፕ፣ ከአጂፕ መርካቶ፣ ሞተር ማጥፋት፣ ማስነሳት። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናብ መጥረጊያው፣ መብራቱ፣ ለመስታወቱ ጉም የሚበራው ማራገቢያ ሁሉም አብሮ ይሠራል። ለማስነሳት የወጣው ኃይል በአጭር መንገድ ተመልሶ አይሞላም። ባትሪ ደግሞ ጎድሎ ሲከርም ውስጡ ይደድራል፣ ኋላ ብትሞዪውም የድሮውን አይዝም። በሳምንት አንድ ቀን እስከ ሰርቦ ደርሰሽ ብትመለሺ ብዙ ይረዳዋል። የባትሪውን አናትም ጥረጊው፤ አቧራና እርጥበት ሲቀላቀሉ በሁለቱ ራሶች መካከል ትንሽ ትንሽ ኃይል ያሳልፋሉ።

ተለክቶ በእርግጥ ሞቷል ከተባለ ወደ መግዛቱ እንምጣ። በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ኮድ ፎቶ አንሥተሽ ሂጂ። ብዙ ቪትዝ ኤንኤስ 40 የሚባለውን ትንሹን ይወስዳል። ኤል እና አር የሚሉት ፊደላት የፖዘቲቩና የኔጋቲቩን ቦታ ስለሚለያዩ ተሳስተሽ ከገዛሽ ገመዱ አይደርስም። የራሱ ውፍረትም ይለያያል፤ ቀጭን ራስ ላይ ሰፊ ማሰሪያ አስገብተው በሚስማር የሚያጠብቁ አሉ፣ እንዳትፈቅጂ። መኪናሽ መብራት ላይ ስትቆሚ ሞተሯን ራሷ የምታጠፋ ዓይነት ከሆነች ኮዱ ኤም፣ ኤን ወይም ኪው ብሎ ሊጀምር ይችላል። እሱን በተራ ባትሪ አትቀይሪው፣ ቶሎ ይሞታል።

ማርካ አልመርጥልሽም። ከማርካው የተመረተበት ቀን ይበልጣል። ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ይወርዳል። ቀኑ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በኛ አስበሽ «ያለፈበት» ወይም «የወደፊት» እንዳይመስልሽ። ስድስት ወር ያለፈውን እኔ አልገዛም። ሻጩ ፊት ይለካ፤ ከ12.4 በታች ያለውን አዲስ ነው ቢሉሽም ተይው። ትልልቅ የብርድ ማስነሻ ቁጥር (ሲሲኤ) እያሳዩ ዋጋ ለሚጨምሩም ጆሮ አትስጪ፤ ጅማ ያን ያህል ብርድ የለባትም።

ከአዲስ አበባ ይላክ ለሚለው መልሴ እዚሁ ግዢ ነው። ትንሽ ሊወደድ ይችላል። ግን ዋስትና የሚጠቅመው ስትመልሺው ነው፤ ባትሪ ተሸክሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚመላለስ የለም። ደረሰኙ ላይ ቀኑና ማኅተሙ ይኑር።

አሮጌውን «አሲድ እንቀይርለትና ይነሳል» የሚሉም አይጠፉም። አይሆንም። ውሃ የሚሞላ ባትሪ ሲጎድል የሚጨመርበት የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ አሲዱ አይተንም፣ የሚተነው ውሃው ነው።

ሲቀየር አጠገቡ ሲጋራ አይጨስ፣ ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። መጀመሪያ ኔጋቲቩ ይፈታ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩ። ሲታሰር ደግሞ ፖዘቲቩ ይቀድማል። ምክንያቱም ኔጋቲቩ ታስሮ ሳለ ፖዘቲቩን የያዘው መፍቻ ቦዲውን ከነካ እሳት ይተፋል። በማሰሪያው ላይ ያለውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን ቀቡት። ማሰሪያው በመዶሻ አይመታ። ባትሪውን ወደ ታች የሚይዘው ብረትም መታሰር አለበት። በኛ መንገድ ላይ የሚወዛወዝ ባትሪ ውስጡ ይረግፋል።

አሮጌውን ለሻጩ መልሺው፣ ብዙዎቹ ከዋጋው ይቀንሱልሻል። ቆራሌው አሲዱን የትም ደፍቶ እርሳሱን ብቻ እንዳይወስድ፤ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ነው፣ አዌቱ ወንዝም ሩቅ አይደለም።

አሁን ምንም ሳትገዢ ሦስቱን ቁጥሮች አስለኪና እዚሁ ጻፊልን፦ ቆማ ስታድር፣ ስትነሳ፣ ተነስታ ስትሠራ። ቴፕ ወይም ጂፒኤስ ተገጥሞላት እንደሆነም ንገሪን።