ስለ ቤታ ብሎከር ጠየቃችሁ፣ እነሆ መልሱ

ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ቤታ ብሎከር ስለሚባሉት የግፊትና የልብ መድኃኒቶች፣ ማለትም አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎልና ካርቬዲሎል ስለሚወስዱ ሰዎች ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ የእናቴ ግፊት ተስተካክሏል፣ ደረቷንም አይወጋትም። አቴኖሎሉን ብታቆም ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ አደራሽን በአንዴ እንዳታስቆሚያት። ግፊቷ የተስተካከለው እኮ በክኒኑ ነው። ቤታ ብሎከር አድሬናሊን (ስንደነግጥ ሰውነታችን የሚያመነጨው ሆርሞን) ልብን እንዳያስሮጥ ይከለክላል፤ ቆይቶ ድንገት ሲቀር ግን ልብ ለአድሬናሊን ከበፊቱ የባሰ ስስ ሆኖ ይጠብቃል፣ ምቱ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ የልብ ደም ሥሩ የጠበበ ሰው ደግሞ ሃርት አታክ ሊደርስበት ይችላል። ማቆም ካስፈለገ ሐኪሟ ቀስ በቀስ ይቀንስላታል።

ብዙ ሰው የሚያቆመው ደግሞ ወዶ አይደለም፣ ክኒኑ አልቆበት ነው። የአንድ ሳምንት ሲቀራችሁ ግዙ፤ አንዱ ጋ ቢጠፋ ሌላ ጋ ለመፈለግ ጊዜ ይኖራችኋል። «ይሄም ያው ነው» ተብሎ ሌላ ስም ያለው ከተሰጣችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ። 50 ሚሊግራም አቴኖሎል በ50 ሚሊግራም ሜቶፕሮሎል አይተካም።

ጥያቄ፦ የትናንቱን ረሳሁ፣ ዛሬ ሁለት ልዋጥ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! የዛሬውን ብቻ።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ካርቬዲሎል ግን ጠዋትና ማታ ነው የታዘዘልኝ።

መልስ፦ ካርቬዲሎል ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። በባዶ ሆድ ከዋጥከው ብድግ ስትል ግፊትህ ወርዶ ሊያዞርህ ይችላል። የጠዋቱን መዝለልም መፍትሔ አይሆንም። ጾሙ ሳይገባ ሐኪምህን አማክር፣ ለንስሐ አባትህም ንገራቸው።

ጥያቄ፦ አስም አለብኝ። ልቤ ሲመታብኝ ጎረቤቴ ፕሮፕራኖሎል ሰጠችኝ።

መልስ፦ እንዳትወስጂው! እሱም ቤታ ብሎከር ነው፤ የአየር ቧንቧሽን አጥብቦ አስምሽን ሊቀሰቅስብሽ ይችላል። መድኃኒት ለሚያዝልሽ ሁሉ አስም እንዳለብሽ ንገሪ።

ጥያቄ፦ አባቴ ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ቤታ ብሎከር ቢወስዱ ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ ምትና መንቀጥቀጥ ክኒኑ ይደብቀዋል፤ ላቡ ግን አይደበቅም። እንዲሁ በድንገት ካላባቸው ስኳራቸውን ለኩ፤ መለኪያ ከሌለ ሳትጠብቁ ጣፋጭ ነገር ስጧቸው።

ጥያቄ፦ የልብ ምቴ 54 ነው፣ ልፍራ?

መልስ፦ ምንም ካልተሰማህ አትፍራ፣ መድኃኒቱ የታዘዘው ምቱን ሊያቀዘቅዝ ነው። ከአውራ ጣትህ ሥር፣ አንጓህ ላይ ሁለት ጣት አሳርፈህ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠር። ከ50 በታች ከሆነ ወይም ካዞረህ ቀጣዩን ከመዋጥህ በፊት ሐኪምህ ጋ ደውል። ራስህን ከሳትክ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ግን መደወሉ ይቅር፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱህ።