ሃይላንድ፣ እርድና ቆርኪ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሳይንስ በማስተማር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አሁን ደግሞ ለአዳዲስ መምህራን የተግባር ሥራ አሳያለሁ። «ተማሪ በእጁ እየነካ ስለሚማርበት ነገር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (የ7ኛ ክፍል መምህር፣ ደሴ)፦ ክፍሌ ውስጥ 62 ተማሪ አለ። ቤተ ሙከራችን ከጦርነቱ ወዲህ ባዶ ክፍል ነው። ተግባር ተግባር የሚሉን በምን እንድናሠራ ነው?

መልስ፦ እውነትዎን ነው፤ ባዶ ክፍል ይዞ «ተግባር» መባል ያናድዳል። ግን ከዕቃው በፊት የአሠራሩን ነገር እናንሳ። 62 ተማሪ ማለት ስድስት ስድስት ሆነው አሥር ቡድን ነው፤ የሚተርፉትን ሁለቱን የትም ይጨምሯቸው። አንድ ለአምስት እንዴት እንደከሸፈ ሁላችንም እናውቃለን። ጎበዙ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። ስለዚህ እኔ አንድ ሕግ አለኝ፤ የቡድኑ ጎበዝ ተማሪ ጸሐፊ ይሆናል፣ ዕቃ አይነካም። ሌላው ይይዛል፣ ሌላው ይለካል፣ ሌላው ሰዓት ያያል። በሚቀጥለው ሥራ ይቀያየራሉ።

ሁለተኛው ሕግ ይበልጣል። ማንም ዕቃ ከመንካቱ በፊት ምን እንደሚሆን ግምቱን በደብተሩ ይጽፋል። በእስክሪብቶ፤ እንዳያጠፋው። ግምት ያልጻፈ ልጅ ሙከራውን እንደ ትርዒት አይቶ ይወጣል። የጻፈ ልጅ ግን «ለምን ተሳሳትኩ?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል።

ጥያቄ (መምህርት፣ ኮምቦልቻ)፦ ደሴ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። ሁለቱ ክፍሎች አብረው የሚሠሩት ነገር ይኖራል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር! ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በሐረጎ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን። ይህን የመሰለ ቤተ ሙከራ በገንዘብ አይገዛም።

ሦስት ባለ አንድ ሊትር ባዶ ሃይላንድ ያዘጋጁ፤ ሳሳ ያሉት ይሻላሉ። ሁለቱን ደሴ ላይ አየር ብቻ እንዳለባቸው ክዳናቸውን ጥብቅ አድርጎ መዝጋት ነው። ሦስተኛውን እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ መዝጋት። አንዱ ባለ አየር ደሴ ይቀራል። ሌላውና ባለ ውሃው በሚኒባስ ወደ እናንተ ይወርዳሉ።

ከመነሳቱ በፊት ሁለቱም ክፍሎች ግምት ይጻፉ፤ ያብጣል? ይጨማደዳል? ወይስ ምንም አይሆንም? አብዛኛው ልጅ «ያብጣል፤ ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ አየር ሲሞቅ ይሰፋል» ይላል። እንዳይስቁበት። የተናገረው ልክ ነው፤ ሙቀቱ አየሩን ያሰፋዋል። ግን ከታች የሚጠብቀው የውጭ አየር ከደሴው የበለጠ ይጫናል። የደሴ የአየር ግፊት ከኮምቦልቻው በ8 በመቶ ያህል ያንሳል። ሁለቱ ይታገላሉ፣ ግፊቱ ያሸንፋል። ሐረጎን ሲያጋምሱ ሃይላንዱ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ሲደርስ ጎኑ ገብቷል። ባለ ውሃው ንቅንቅ አይልም፤ ውሃ እንደ አየር አይታመቅማ። በመንገዱ ላይ ጆሯችን የሚደፈነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ያነሱታል።

መለካትም ይቻላል። የተጨማደደውን ሃይላንድ አፉን ወደታች አድርገው ባልዲ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ክዳኑን እዚያው ውሃ ውስጥ ይክፈቱት። ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ሳያወጡ መልሰው ይዝጉትና የገባውን ውሃ በሲሪንጅ ይለኩ፤ እንደ ቀኑ ሙቀት ከ50 እስከ 80 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይሆናል። በሚቀጥለው ሳምንት እናንተ ዘግታችሁ ወደ ደሴ ላኩ፤ ምን እንደሚሆን ግን አልነግርም።

ጥያቄ (እናት፣ ደሴ)፦ ኮምቦልቻ እያለሁ ቶሎ ይደርስልኝ የነበረው ንፍሮ እዚህ ይዘገይብኛል። ልጄ «ትምህርት ቤት እጠይቃለሁ» አለኝ።

መልስ፦ እማዬ፣ ምድጃው አልበደለም። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ 300 ሜትር በወጣን ቁጥር አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደሴ ላይ በ92 ገደማ፣ ኮምቦልቻ በ94 ገደማ ይፈላል። የቱንም ያህል እሳት ቢያነዱ የደሴ ውሃ ከዚያ አይዘልም፤ ዝም ብሎ ይተናል። ክዳኑን ድንጋይ ጫን አድርገው ይሞክሩ ቢባሉ ግን እሺ እንዳይሉ፤ አደገኛ ነው። ልጁ መለካት ከፈለገ የትምህርት ቤት ቴርሞሜትር ይጠቀም፤ መምህሩም አጠገቡ ይሁኑ። የትኩሳት መለኪያው 42 ዲግሪ ላይ ያበቃል። የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል፣ የድሮው ደግሞ ሜርኩሪ አለው።

ጥያቄ (የ8ኛ ክፍል መምህር፣ ኮምቦልቻ)፦ አሲድና ቤዝ ደርሶብኛል። አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለየው ሊትመስ ወረቀት የለም።

መልስ፦ እርድ አለ አይደል? አንድ ማንኪያ እርድ በትንሽ የሕክምና አልኮል ያሟሙ፤ እሳት አጠገብ ግን አይሁን። ነጭ ወረቀት በቀጫጭኑ ቆርጠው ይንከሩ፣ ያድርቁ። ቢጫ ይሆናል። የገላ ሳሙና ውሃ ወይም የአመድ ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት ወደ ቀይ ቡናማ ይዞራል። ሎሚ ሲያስከትሉ ቢጫው ይመለሳል። መግቢያ ከፈለጉ፣ ነጭ ነጠላ ላይ የአልጫ ጠብታ ወድቆ በሳሙና ሲታጠብ ለምን እንደሚቀላ ይጠይቋቸው። ያላየ ልጅ የለም።

አንድ ጉድለት አለው፤ እርድ ሎሚንና ንጹሕ ውሃን አይለይም፣ ሁለቱም ላይ ቢጫ ነው። ለአሲዱ ከርከዴ ያፍሉ። በሎሚ ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ በቤኪንግ ሶዳ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። የመኪና ባትሪ አሲድ ግን ክፍል አይግባ። በፍጹም።

ጥያቄ (አባት፣ ደሴ)፦ ልጄ ቆርኪ እየለቀመ ይመጣል። «የቤት ሥራ ነው» ይላል። ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት?

መልስ፦ አብሽር፣ ሁለቱም ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጅ 23ን «ሁለትና ሦስት» ብሎ ማንበብ ይቀናዋል። አሥር ቆርኪ በክር ሰክቶ «ይህ አንድ አሥር ነው» ሲል ግን ሁለቱ ሃያ እንደሆነ በእጁ ያየዋል። ከ23 ላይ 8 ሲቀንስ አንዱን ክር መፍታት ግድ ይሆንበታል። መበደር የምንለው ይኸው ነው። መሬት ላይ የሚሰመረው ሰኞ ማክሰኞም ቁጥር ከተጻፈበት ጥሩ የቁጥር መስመር ይሆናል። ገበጣም እንደዚያው። ቆርኪው ይታጠብ፣ ጫፉ የሾለ ካለ ይጣል።

ጥያቄ (መምህርት፣ ደሴ)፦ ኤሌክትሪክ በተግባር ማሳየት ፈርቻለሁ።

መልስ፦ የግድግዳውን ሶኬት መፍራትዎ ደግ ነው። ሁለት የባትሪ ድንጋይና ከአሮጌ ባትሪ የወጣች ትንሽ አምፖል ይበቃሉ። ሽቦው ከተበላሸ ቻርጀር ይገኛል። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ እርሳስ በመሃል እያስገቡ ይሞክሩ። በሁለት ጫፉ የተቀረጸው እርሳስ ያከራክራቸዋል።

ጥያቄ (የጂኦግራፊ መምህር፣ ደሴ)፦ የአፈር መሸርሸርን በቃል ከማስተማር የተሻለ ነገር አለ?

መልስ፦ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጠን በቃል ማስተማር ያሳፍራል። ሦስት ሃይላንድ በጎናቸው አስተኝተው የላይኛውን ጎን ይቅደዱ። ከአንድ ቦታ የመጣ አፈር እኩል ይሙሉ። አንዱን ባዶ ይተዉት፣ አንዱን ጭድ ያልብሱት፣ አንዱ ላይ ገብስ ይዝሩና ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ከሥር ብርጭቆ ያስቀምጡ። ከእኩል ከፍታ እኩል ውሃ ያፍስሱ። ከባዶው የሚወርደው ውሃ ክረምት ላይ የቦርከናን ወንዝ ይመስላል። ከገብሱ የሚወርደው ጠራ ያለ ነው፣ የሚወርደውም ቀስ ብሎ ነው። ከዚያ ድጋፉን ከፍ አድርገው ቁልቁለቱን ይጨምሩ፤ ለደሴ ልጅ ዋናው ትምህርት እዚያ ጋ ነው።

ጥያቄ (የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)፦ ቲቸር፣ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ራስህ አረጋግጥ። አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርገህ ትከል። ከ6:00 እስከ 6:45 በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርግ። አጭሩ ጥላ የሚመጣው ስድስት ሰዓት ላይ አይደለም፤ ወደ 6:20 አካባቢ ነው። ሰዓታችን የተቆጠረው ከእኛ በስተምሥራቅ በሚያልፈው 45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ እኛ 39.7 ገደማ ላይ ነን፤ ለአንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ይዘገያል። ታኅሣሥ ላይ ያ ጥላ ወደ ሰሜን 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሚያዝያ 11 አካባቢ ጨርሶ ይጠፋል። ከዚያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ወደ ደቡብ ይዞራል። እስከዚያ እንጨቱን ፍየል እንዳይጥልብህ።

ጥያቄ (መምህር፣ ኮምቦልቻ)፦ 40 ደቂቃ አይበቃኝም። ለዕቃ መግዣስ ተማሪዎቹን ብር ላስከፍል?

መልስ፦ ብር አያስከፍሉ። ቆርኪ ከግሮሰሪ፣ ሃይላንድ ከየቤቱ ይመጣል፤ የሚገዛው አልኮልና ባትሪ ድንጋይ ነው፣ እሱን ከትምህርት ቤቱ ይጠይቁ። ሰዓቱን ደግሞ ለሁለት ይክፈሉት። ዛሬ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ዕቃውን ያሳዩና ግምት ያጽፏቸው። ነገ ሲገቡ በቀጥታ ሥራ ነው።